የጣና ጉማሬ፦ ከአደን እስከ ሕግ ጥበቃ

ጉማሬ ከጣና ሐይቅ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ ጎልማሳ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ወደ 3,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋም አለ። ቀኑን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ የብስ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሳይነጋ ተመልሶ ይገባል። በአንድ ሌሊት የሚግጠው ሣር 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የሐይቁ ዳር ሰው ደግሞ ቀን ቀን ውሃው ላይ ዓሣ ያሰግራል፣ በዳርቻው ያርሳል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰውና ጉማሬ በጣና ዳር አንዱን ቦታ በፈረቃ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አደጋ የሚደርሰው ፈረቃው ሲዛነፍ ነው።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህ ለጉማሬ ምቹ ነው፤ ጉማሬ እንደ ዓሣ አይዋኝም፣ የውሃውን ወለል እየረገጠ ይሄዳል እንጂ። የሚበዛውም ውሃው በሚሳሳበትና ሣር በሚቀርብበት ቦታ ነው፦ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ፣ እንዲሁም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ወደ ሐይቁ በሚገቡባቸው ረግረጋማ አፎች። የሰው መንደርና ማሳም የተከማቸው እዚያው ነው።

በጽሑፍ ከቆዩት የውጭ ሰዎች ምስክርነቶች አንዱ የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦ ነው። ሎቦ ከ1625 እስከ 1634 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ ዓባይ ምንጭና ስለ ጣና ጽፏል። ጉማሬን የገለጸው ሣር የሚበላ ሆኖ ሳለ ለሰው እጅግ አደገኛ የሆነ እንስሳ አድርጎ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ በሐይቁ ዳር የሚኖሩና ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎችን ጠቅሷል። እነዚህ ሰዎች ወይጦዎች ናቸው፤ ዛሬ ነገደ ወይጦ ይባላሉ።

ስለ ጣና ጉማሬ የሚናገር ማንኛውም ታሪክ ስለ ነገደ ወይጦ ሳይናገር ማለፍ አይችልም። ለብዙ ትውልድ ኑሯቸው ሐይቁ ነበር፤ ዓሣ ማስገር፣ ከደንገል ታንኳ መሥራትና ጉማሬ ማደን። ታንኳው የደንገል ግንድ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ ቀላል ጀልባ ነው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከወራት አገልግሎት በኋላ ይጣልና በአዲስ ይተካል። በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ቆሞ 2 ቶን የሚመዝን እንስሳ መውጋት ምን ያህል ድፍረትና ልምድ እንደሚጠይቅ ለመገመት አያስቸግርም። ጉማሬ ለመተንፈስ በየ5 ደቂቃው ገደማ አፍንጫውን ከውሃ ያወጣል፤ አዳኙ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው። የሞተ ጉማሬ መጀመሪያ ይሰጥማል፣ ከሰዓታት በኋላ ሆዱ ሲነፋ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ ወደ ዳር ይጎተታል። ሥጋው ለመላው መንደር ይበቃል። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው ቆዳ ጋሻና አለንጋ ይሆናል። በአማርኛ የአለንጋው ስም ራሱ “ጉማሬ” እስከ መባል የደረሰው ከዚህ የተነሣ ነው። አለንጋው በገበያ ይሸጥ ስለነበር ሐይቁን አይቶ የማያውቅ ደገኛ ቤት ሳይቀር ይገባ ነበር።

ለዚህ ሙያ ግን ነገደ ወይጦ ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ቢያውቁም የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አገለላቸው፤ አብሮ መብላትና መጋባት ተከለከሉ። የቀደመ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። በሐይቁ ላይ ለዘመናት የጉማሬን ቁጥር የተቆጣጠረውና የዳርቻውን ማሳ በተዘዋዋሪ የጠበቀው የእነርሱ አደን ነበር። ማሳው የዳነለት ጎረቤት ግን ያዳነለትን ሰው በማዕዱ አላስቀመጠም። ይህ በጣና ታሪክ ውስጥ መነገር የሚገባው በደል ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጠመንጃ በአገሩ ሲበዛ የአደኑ ሚዛን ተለወጠ። በጦር የሚወጋ አዳኝ በዓመት የሚገድለው ጥቂት ነው፤ ጥይት ግን ድፍረትም ልምድም ሳይፈልግ ከዳር ሆኖ ይገድላል። የመጀመሪያዎቹ የአደን ሕጎች የመጡትም በዚሁ ዘመን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1909 እ.ኤ.አ. የዝሆን አደንን የሚመለከት ደንብ ወጣ፤ ዓላማው በዋናነት የዝሆን ጥርስን ንግድ መልክ ማስያዝ ነበር። ጉማሬ ያን ያህል የንግድ ዋጋ ስላልነበረው ለጊዜው ያሰበለት አልነበረም።

ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ ሐይቁንና ዓባይን ዞሮ አጠና፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም ስለ ወይጦዎችና ስለ ታንኳቸው ጻፈ። እርሱ ያያቸው ሰዎች አሮጌው ሙያ ሊያከትም የተቃረበባቸው ሰዎች ነበሩ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት አደኑ እየቀረ ሄደ፤ ነገደ ወይጦ ወደ ዓሣ ማስገር፣ ታንኳና ቅርጫት መሥራት፣ ወፍጮ ድንጋይ መጥረብ አዘነበሉ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት በ1944 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳት አደንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 61ን አወጣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትልቅ እንስሳ ማደን የፈቃድ ጉዳይ ሆነ። የዱር እንስሳት ጥበቃ የራሱ መሥሪያ ቤት ያገኘው ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 የአደን ፈቃድን፣ ክፍያንና ክልከላን በዝርዝር ደነገገ። አዋሽና ሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ሲሆኑ ጣና ግን አልሆነም። የሐይቁ ጉማሬዎች ከፓርክ ውጭ፣ በገበሬና በዓሣ አስጋሪ መካከል የሚኖሩ እንስሳት ሆነው ቀሩ። የዛሬው ችግር ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ እንስሳውን ሲጠብቅ የሚኖርበትን መሬት አልጠበቀለትም።

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች ሰውን የሚጎዱ የውሃ እንስሳትን በመግደል ውሃውን ደኅና ለማድረግ ይሞከር ነበር። አውስትራሊያ በ1937 እ.ኤ.አ. በሲድኒ የባሕር ዳርቻዎች ሻርክ የሚያጠምዱ መረቦች ዘረጋች፤ የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን በ1952፣ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በ1962 ተከተሏት። መረቡ ዋናተኛውን ከሻርክ የሚከልል አጥር የሚመስለው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ዙሪያውን የማይዘጋና አጠገቡ የሚያልፉትን ሻርኮች ይዞ በመግደል ቁጥራቸውን የሚቀንስ ወጥመድ መሆኑ ነው። ከሻርክ ጋር ዶልፊንና ኤሊም ያልቁበታል። ደቡብ አፍሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. ነጩን ሻርክ በሕግ በመጠበቅ ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን መረቡን ግን አላነሣችም። አንድን እንስሳ በሕግ እየጠበቁ በዳርቻ መግደል የዚያ አገር ውዝግብ ሆኖ ቆየ። ወደ ጣና ይበልጥ የሚቀርበው የኡጋንዳ ምሳሌ ነው። በዛሬው የንግሥት ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ ጉማሬዎች የሐይቁን ዳር ሣር ግጠው ምድሩን ስላራቆቱት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕቅድ በጥይት እንዲቀነሱ ተደርጓል። በጣና እንዲህ ያለ በመንግሥት የታቀደ ቅነሳ በታሪኩ ጎልቶ አይታይም፤ የጉማሬው ቁጥር የተወሰነው በወይጦ ጦር፣ በኋላም በጠመንጃና በእርሻ መስፋፋት ነው።

ባሕር ዳር ከተማ የሆነችውም በእነዚህ ዓመታት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫና የዓባይ ድልድይ ትንሿን የሐይቅ ዳር መንደር በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ ለወጧት። በቤዛዊት ኮረብታ ላይ የተሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ቁልቁል ዓባይን ያያል፤ ከዚያ ሆኖ ጉማሬ ማየት የከተማዋ እንግዶች ልማድ ሆነ። በዚያው ጊዜ የሐይቁ ዳር እየተገነባ፣ የደንገሉ ጫካ እየሳሳ ሄደ። ደንገል ለጉማሬ ቀን መደበቂያው ነው፤ ለታንኳ ሠሪ እንጀራው፣ ለዓሣ መራቢያው፣ ለሐይቁም ደለል ማጣሪያው ነው።

ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይቲስ የተባለ ስምምነት ተቀላቀለች። ጉማሬ በዚህ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ከአገር አገር ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። የዝሆን ጥርስ ንግድ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲታገድ ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ ጉማሬ ጥርስ ማዞራቸው ለዚህ ምክንያት ሆኗል።

በጣና ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የሐይቁ ውሃ ከፍታ መለዋወጥ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሌሎች በሮች ተጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ በ1,784ና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲጠበቅ ታሰበ። በ2003 እ.ኤ.አ. ዝናብ አንሶ ውሃም ለኃይል ማመንጫ በብዛት ሲለቀቅ ሐይቁ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፣ ዳርቻው ሸሸ። ጣና ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ ከፍታው አንድ ሜትር ሲቀንስ በፎገራና በደንቢያ በኩል ሰፊ መሬት ይገለጣል። ይህን መሬት የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ባሕር ሸሽ እርጥብና ለም ነው፤ ገበሬው ውሃው ገና ጠፈፍ ሲል ጓያ፣ ሽምብራና በቆሎ ይዘራበታል። በፎገራ ደግሞ ከ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የገባው ሩዝ ጎርፍ የሚያጠቃውን ሜዳ ሁሉ ሸፈነ። መሬት ለጠበበበት ገበሬ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ለጉማሬው ግን የሌሊት ግጦሹ ነበር።

የጉማሬን መንገድ በማለዳ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ወደ ግጦሽ የሚሄድበትን መንገድ አይለዋውጥም፤ በዚያው መስመር ትውልድ ከትውልድ ይመላለሳል። እግሮቹ በግራና በቀኝ ሁለት ቦይ ይቆፍራሉ፣ በመካከላቸው ሣር ያበቀለ ጀርባ ይቀራል፤ የጋሪ መንገድ ይመስላል። በመንገዱ ዳር ባሉ ቁጥቋጦዎች ላይ ወንዱ በጅራቱ እየበተነ የረጨው ፋንድያ ደርቆ ይታያል፤ ያ የይዞታ ምልክቱ ነው። ከዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ ሣር የነበረበት ቦታ ሩዝ ሲበቅል ጉማሬው መንገዱን አይቀይርም። ሩዙም ለእርሱ ሣር ነው። ከሚበላው ይልቅ የሚረግጠውና የሚያንከባልለው ይበዛል።

ገበሬው የሚከላከለው በጥንቱ ዘዴ ነው። አዝመራው ሲደርስ ማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ሌሊቱን እሳት እያነደደ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ በባትሪ እያበራ ያድራል። አንዳንዱ በማሳው ዳር ቦይ ይቆፍራል፤ ጉማሬ አጭር እግር ስላለው ጥልቅ ቦይ መሻገር ይከብደዋል። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ገበሬ ጠዋት ሞፈር ቀንበሩን ይዞ ይወጣል። ልጁም ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህ ድካም በየትኛውም የጥበቃ ሪፖርት ላይ ገንዘብ ሆኖ አይታይም፤ ከጉማሬው የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ግን ይህ ነው።

ሕጉ በዚህ መካከል ይበልጥ ጠበቀ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከበድ ባለ የገንዘብ መቀጮና በእስራት የሚያስቀጣ አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ደንብ ቁጥር 163/2000ም ዝርዝሩን አስከተለ። አዋጁ የተጻፈው እንስሳው የአገር ሀብት ነው ከሚል ትክክለኛ እምነት ነው። ሆኖም የአገሩን ሀብት በራሱ ሩዝ ለሚቀልበው ገበሬ ካሳ የሚከፍል ሥርዓት አልዘረጋም።

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሲመረቅ የሐይቁ ውሃ በምዕራብ በኩል ሁለተኛ መውጫ አገኘ፤ በዓባይ መውጫ የሚያልፈውም ውሃ በዚያው ልክ ቀነሰ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የደንቢያንና የፎገራን ዳርቻ በአረንጓዴ ምንጣፍ ሸፈነ። እንቦጭ የታንኳን መንገድ ይዘጋል፣ ዳርቻው ላይ የሚበቅለውን ግጦሽ ያፍናል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ያረመው በጉማሬና በአልቅት መካከል ቆሞ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ መዘገበው። ሪዘርቩ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ የሰው እጅ የማይነካው እምብርት፣ ውስን ሥራ የሚፈቀድበት ከለላ፣ ሰው እንደ ወትሮው የሚኖርበት የሽግግር ክልል። ለጉማሬው ጉዳይ ከአደን ክልከላው ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ አከፋፈል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንስሳውን መሬት በካርታ ላይ አሰፈረለት። ካርታው በዳርቻው ላይ ችካል ሆኖ ካልተተከለ ግን ማሳው በየዓመቱ ወደ ውሃው መግፋቱን ይቀጥላል።

በባሕር ዳር በኩል ታሪኩ ሌላ መልክ ይዟል። ከከተማዋ ወደብ ተነሥተው ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚሄዱ የሞተር ጀልባዎች ሲመለሱ በዓባይ መውጫ በኩል ያልፋሉ፤ ቱሪስቱ ጉማሬ ማየት ይፈልጋል። የጉማሬው መኖር ለጀልባ ነጂው ገቢ ሆኗል። ልምድ ያለው ነጂ ጉማሬ ካየበት ቦታ ራቅ ብሎ ሞተሩን ያረግባል፤ በእንስሳውና በጥልቁ ውሃ መካከል አይገባም። ጉማሬ ሰውን ለመብላት አያጠቃም። የሚያጠቃው ማምለጫው የተዘጋ ሲመስለው፣ ግልገል ሲኖረው፣ ወይም ወንዱ ይዞታው ሲደፈር ነው። አፉን በሰፊው መክፈቱን ማዛጋት አድርጎ የሚያይ እንግዳ ብዙ ነው፤ ማስፈራሪያ ነው። ከፊት የታየ ጉማሬ ጠልቆ ከጠፋ ታንኳ ላይ ያለ ሰው ወደ ዳር መጠጋት አለበት፤ ከታች ሆኖ ታንኳውን ሊገለብጥ ይችላልና። በየብስ ላይ ደግሞ ምሽትና ንጋት በጉማሬ መንገድ ላይ መቆም የለበትም። አጭር እግሩ ሰውን ማታለል የለበትም፤ በሩጫ ከሰው ይፈጥናል።

የዳርቻው ደኅንነት በጉማሬ ብቻ አያልቅም። በባሕር ዳር አጠገብ ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ይህ ትል በሚዋኙና ልብስ በሚያጥቡ ሰዎች ቆዳ ይገባል፤ ሕፃናትን ይበልጥ ያጠቃል። ስለ ጉማሬ በየሻይ ቤቱ ይወራል፤ ስለ ቢልሃርዚያ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ሻርክ ባለባቸው አገሮችም እንዲሁ ነው፤ ማዕበል ከሻርክ ይልቅ ብዙ ዋናተኛ እየገደለ ሕዝቡ የሚፈራው ሻርኩን ነው።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ከድልድዩ ወደ ሐይቁ በኩል እስከ ጨረጨራ ያለው ዳርቻ፣ ደንገል ካልጠፋባቸው የከተማዋ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። የከተማዋ አስተዳደር፣ የክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና የፎገራ ወረዳዎች ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ የጉማሬ መንገዶች የሚወጡበትን የዳርቻ ሣር ከእርሻና ከግንባታ ነጻ ማድረግ፣ ያን መሬት ለለቀቀው ገበሬ ምትክ ወይም ካሳ መስጠት፣ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁትን የነገደ ወይጦ ሰዎችም ለጥበቃው ሥራ መቅጠር።